ፓንዚን ከዘር እስከ አበባ ጤነኛ አድርጎ ማሳደግ

ፓንዚ የብርድ አበባ ነው። ይህን የያዘ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል፤ ያልያዘ ደግሞ ጥሩ አፈርና ጥሩ ችግኝ እያለውም ይቸገራል። ተክሉ ተመዞ ሲጋደም፣ አበባው እያነሰ ሲሄድ፣ ሥሩ ሲበሰብስ «ምን ጎደለው?» ብለን ማዳበሪያና መድኃኒት ፍለጋ እንሮጣለን። ብዙ ጊዜ ግን የጎደለ ነገር የለም፤ የበዛ ነው እንጂ። ወይ ሙቀት በዝቶበታል፣ ወይ ውሃ፣ ወይ ሁለቱም።

ጠባዩ ከዘር ሐረጉ የመጣ ነው። ትልልቅ አበባ ያለው የዛሬው ፓንዚ በዱር የሚገኝ ተክል አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ አትክልተኞች ቪዮላ የሚባሉትን ትንንሽ የዱር አበቦች እያዳቀሉ ያወጡት ነው። ከወላጆቹ መካከል በአውሮፓ ማሳዎች ዳር የሚበቅለው ባለ ሦስት ቀለም ቪዮላ፣ በተራራ ሣር መሐል የሚገኘው ቢጫ ቪዮላ፣ እንዲሁም በመካከለኛው እስያ ካሉት ከአልታይ ተራሮች የመጣ ዘመዳቸው ይገኙበታል። የደጋ ተክሎች ናቸው። ልጃቸውም ቀዝቃዛ አየር፣ ቀዝቃዛ አፈርና በቶሎ የሚጠነፈፍ ውሃ ይፈልጋል። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ሁሉ ከዚህ ጠባይ የሚነሣ ነው።

መጀመሪያ ወቅቱን ይምረጡ

ፓንዚ በደንብ የሚያድገው የቀኑ ሙቀት ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የሌሊቱ ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው። ቀኑ ለተከታታይ ቀናት ከ27 ዲግሪ በላይ ሲወጣ በአንጓዎቹ መካከል ያለው ግንድ ይረዝማል፣ አበባው ያንሳል፣ የሥር በሽታም ይበረታል። ስለዚህ የመትከያው ቀን የሚቆረጠው በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በሙቀት መለኪያ ነው።

የራስዎን አካባቢ ከሦስቱ ወደ አንዱ ያስጠጉት። ብርዱ ከባድ በሆነበት፣ መሬቱ ለወራት በሚቀዘቅዝበት አገር፣ ፓንዚ የሚተከለው ውርጩ ሙሉ በሙሉ ከማለቁ ጥቂት ሳምንታት በፊት፣ አፈሩ መቆፈር እንደቻለ ነው። የተለማመደ ችግኝ ቀላል ውርጭ አይጎዳውም። ብርዱ ለዘብ ባለበትና በጋው በሚያቃጥልበት ቦታ ደግሞ ሙቀቱ ሲበርድ ይተከላል፤ በቀዝቃዛዎቹ ወራት ሁሉ ያብባል፣ ሙቀቱ ሲመለስ ይነቀላል። ዓመቱን ሙሉ አየሩ ቀዝቀዝ በሚልበት ደጋ ላይ ምርጫው ሰፊ ነው፤ እዚያ የሚሸሸው እጅግ ሞቃቶቹን ሳምንታትና ዝናቡ ያለማቋረጥ የሚወርድበትን ጊዜ ነው።

በሁለተኛው ዓይነት አካባቢ የሚኖር ሰው ትልቁ ፈተናው መቸኮል ነው። አየሩ ለጥቂት ቀናት ሲቀዘቅዝ አፈሩ የቀዘቀዘ ይመስላል፤ ግን አፈር ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። እጅዎን አፈር ውስጥ ሲያስገቡ ቅዝቃዜ ካልተሰማዎት አንድ ሁለት ሳምንት ይጠብቁ። በትኩስ አፈር ላይ ቀድሞ የተተከለ ፓንዚ፣ ዘግይቶ በቀዘቀዘ አፈር ላይ ከተተከለው ኋላ ሲቀር ያያሉ።

ከዘር የሚጀምሩ ከሆነ ከመትከያው ቀን ወደኋላ ከ10 እስከ 12 ሳምንት ይቁጠሩ። የመዝሪያው ቀን እሱ ነው።

የትኛው ዓይነት?

ዘር ሻጮች ፓንዚን በአበባው ስፋት ይከፋፍሉታል። ግዙፎቹ ከ8 ሴንቲሜትር በላይ የሚሰፋ አበባ አላቸው፤ ብዙ አበባ የሚያወጡት ደግሞ ከ4 እስከ 6 ሴንቲሜትር ይሆናሉ። ግዙፎቹ በዘር ፓኬት ሥዕል ላይ ያማልላሉ። መደብ ላይ ግን አንድ ከባድ ዝናብ ሲወርድባቸው አበባቸው ውሃ አዝሎ አፈር ላይ ይደፋል፣ ለመተካትም ጊዜ ይወስዳሉ። ለመደብ ትንንሾቹን እመርጣለሁ፤ በአንድ ጊዜ ብዙ አበባ ስለሚይዙ ጥቂቱ ቢበላሽ ክፍተቱ አይታይም። ግዙፎቹን ከጣሪያ ጥላ ሥር ላለ ማሰሮ ያቆዩአቸው።

ቪዮላ ተብሎ ለብቻው የሚሸጠው የቅርብ ዘመድ አበባው ከዚህም ያንሳል፤ ብርዱንም ሙቀቱንም ከፓንዚ በተሻለ ይችላል። የሙቀቱ ወቅት ቶሎ የሚገባበት አካባቢ ካሉ ከፓንዚው ጎን ትንሽ ቪዮላ ቢተክሉ አይቆጭዎትም። አያያዙ አንድ ነው።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ብቻ ልበል። ጥቁር ሐምራዊና ጥልቅ ሰማያዊ አበባ ከቅርብ ሲያዩት ልብ ይሰርቃል፤ ከአሥር ሜትር ርቀት ግን ከአፈሩ ጋር ይዋሐዳል። ከመስኮት ወይም ከበር ሆነው የሚያዩት መደብ ከሆነ ቢጫ፣ ነጭና ብርቱካናማ ይቀላቅሉበት።

ከዘር መጀመር

የፓንዚ ዘር ከሌሎች የጓሮ አበቦች ዘር ጋር ሲተያይ ጥቂት ቅንጦት አለው፦ ሲበቅል ጨለማ ይወዳል፣ ሙቀት ደግሞ ያስተኛዋል። አፈሩ ከ25 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ብዙው ዘር ሳይበቅል ይቀራል። ሞቃት ክፍል ውስጥ ተዘርቶ «ዘሩ የሞተ ነው» የሚባለው ዘር ብዙ ጊዜ የሞተ ሳይሆን ሙቀት ያስተኛው ነው።

የዘሩን ዕድሜም ይመልከቱ። የፓንዚ ዘር ረጅም ዕድሜ የለውም፤ ከዓመት ወደ ዓመት የመብቀል ኃይሉ ይቀንሳል። ፓኬቱ ላይ የታሸገበት ወይም የሚያልፍበት ጊዜ ካልተጻፈ አይግዙት።

1. ጥልቀቱ 5 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ከሥሩ የተበሳ ትሪ ያዘጋጁ። በደንብ የተብላላ፣ በወንፊት የተነፋ ብስባሽና ሸካራ አሸዋ ወይም ፐርላይት (ቀላል ነጭ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) እኩል ቀላቅለው ይሙሉት። ከጓሮ የተዛቀ አፈር አይጠቀሙ፤ ችግኝ የሚጥለው ፈንገስ አብሮ ይመጣል።

2. አፈሩን ከመዝራትዎ በፊት ያርጥቡት። ትሪውን ጥልቀት በሌለው የውሃ ሳህን ላይ ያስቀምጡት፤ ላዩ ሲጨልም ያውጡትና ትርፉ እስኪንጠባጠብ ይተዉት።

3. ዘሩን በ2 ሴንቲሜትር ልዩነት ይበትኑት። ዘሩ ጥቃቅን ስለሆነ በእጅ ሲበተን ይከማቻል፤ በተጣጠፈ ወረቀት ላይ አድርገው በጣትዎ እየመቱ አንድ በአንድ ቢያራግፉት ይቀላል።

4. ከ3 ሚሊሜትር ባልበለጠ ስስ ብስባሽ ይሸፍኑት፣ ከዚያም ትሪውን በካርቶን ወይም በጥቁር ፕላስቲክ ይክደኑት።

5. ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ባለበት ቦታ ያስቀምጡት። በቤቱ ውስጥ ቀዝቃዛው ክፍል፣ ፀሐይ የማይመታው ወለል ጥሩ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ግዴታ አይደለም።

6. ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ በየቀኑ ገልጠው ይዩ። ብዙው ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይበቅላል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቡቃያዎች ብቅ እንዳሉ ክዳኑን ያንሡት፤ ሁሉም እስኪበቅል አይጠብቁ። በጨለማ አንድ ቀን የቆየ ቡቃያ ነጭ ክር መስሎ ይመዘዛል፣ ያንን ደግሞ ማስተካከል አይቻልም።

ክዳኑ ከተነሣ በኋላ ሁለት ነገሮች ይለወጣሉ። ብርሃን ይጨመራል፣ ሙቀት ይቀነሳል። ትሪውን ብሩህ መስኮት አጠገብ፣ ከተቻለ 15 ዲግሪ አካባቢ ባለበት ያድርጉት። መስኮቱ በቂ ብርሃን ካልሰጠ የኤልኢዲ አምፖል ከችግኙ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ከፍ አድርገው ሰቅለው በቀን ለ14 ሰዓት ያህል ያብሩት። ውሃ ከሥር ብቻ ያጠጡ፤ ላዩ በሁለት ውሃ መካከል ትንሽ ይድረቅ። ችግኝ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጥኖ፣ ቡናማ ሆኖ በአንድ ሌሊት ሲጋደም ካዩ ፈንገስ ገብቷል። የተጋደሙትን ከነአፈራቸው አውጥተው ይጣሉ፣ ውሃውን ይቀንሱ፣ መስኮቱን ትንሽ ከፍተው አየር ያስገቡ። የወደቀው አይነሣም፤ የሚድነው ጎረቤቱ ነው።

መጀመሪያ የሚወጡት ሁለት ቅጠሎች ክብና ለስላሳ ጠርዝ ያላቸው የዘሩ ቅጠሎች ናቸው። ከነሱ በኋላ ጠርዛቸው በትንሽ በትንሹ የተሸረከተ ቅጠሎች ይመጣሉ፤ እነዚህ እውነተኛዎቹ ናቸው። ሁለት እውነተኛ ቅጠል ሲይዝ እያንዳንዱን ችግኝ ወደ ትንሽ ማሰሮ ያዛውሩት። ቅጠሉን ይያዙ እንጂ ግንዱን አይያዙ፤ ቅጠል ቢበጠስ ሌላ ይወጣል፣ ግንድ ከተቀጠቀጠ ግን ችግኙ አበቃለት።

ከመትከልዎ በፊት ከ7 እስከ 10 ቀን ያለማምዱት። በመጀመሪያው ቀን ነፋስ በማይመታው ጥላ ሥር ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ በየቀኑ እየጨመሩ፣ መጨረሻ ላይ ሌሊቱንም ውጭ ይደር።

ችግኝ ከገዙ

ብዙ ሰው ከዘር አይጀምርም፤ ምንም ነውር የለበትም። ዓይን የሚስበው በአበባ የተሸፈነው ችግኝ ነው፣ የሚጠቅመው ግን አጠር ብሎ ጎኑ የሰፋው፣ እምቡጥ የበዛበትና አንድ ሁለት አበባ ብቻ የከፈተው ነው። አንዱን ከማሰሮው ቀስ ብለው ያውጡትና ሥሩን ይዩ፤ ሻጩ ቅር ሊለው አይገባም። ነጭና ክሬም ሥር ጤነኛ ነው። ቡናማ፣ ጥቁር ወይም ሲነኩት ቆዳው የሚሾልክ ሥር ካለው የዚያን ትሪ ችግኝ በሙሉ ይተዉት፣ ምክንያቱም በሽታው ወደ አፈርዎ ከገባ ለዓመታት አይወጣም።

መደቡንና ማሰሮውን ማዘጋጀት

ቦታው በቀን 6 ሰዓት ያህል ፀሐይ ያግኝ። ከሁሉ የተሻለው የጠዋት ፀሐይ አግኝቶ ከቀትር በኋላ ጥላ የሚያርፍበት ነው። ሙሉ ጥላ ላይ ፓንዚ አይሞትም፤ ቅጠል ብቻ ይሆናል።

አፈሩ ውሃ የሚያጠነፍፍ መሆኑን ለማወቅ 30 ሴንቲሜትር ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉት። መጀመሪያ የሞሉት ሲጠፋ እንደገና ይሙሉ። ሁለተኛው ውሃ ከብዙ ሰዓታት በኋላም ካልጠፋ ከመደበኛው መሬት 15 ሴንቲሜትር ከፍ ያለ መደብ ይሥሩ፤ ሌላ መላ አይፈልጉ። ከዚያ እስከ 20 ሴንቲሜትር ድረስ ቆፍረው ያለስልሱት፣ ከ5 ሴንቲሜትር ያላነሰ የበሰለ ብስባሽ ይቀላቅሉበት። ያልበሰለ ትኩስ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል፣ በዚያ ላይ የአረም ዘር ያመጣል።

ፓንዚ ትንሽ አሲድነት ያለው አፈር ይስማማዋል፤ የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲድነቱ ይበዛል) ከ5.5 እስከ 6.2 ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚህ እየጨመረ ሲሄድ ተክሉ ብረትና ቦሮን የተባሉትን ንጥረ ነገሮች ከአፈሩ መውሰድ ያቅተዋል። የብረት እጥረት የሚታየው በአዳዲሶቹ ቅጠሎች ላይ ነው፦ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ በላዩ ያሉት ደም ሥሮች አረንጓዴ እንደሆኑ ይቀራሉ። የቦሮን እጥረት ደግሞ ጫፉን ያጣምመዋል፣ ያኮማትረዋል። ሥር አጥቁሮ የሚያበሰብሰው ፈንገስም ፒኤቹ ከፍ ባለ አፈር ላይ ይመቸዋል። ስለዚህ ለሌላ አትክልት ይጠቅማል ብለው የሚበትኑትን አመድና ኖራ ከፓንዚ መደብ ያርቁ። አመድ ፒኤችን ከፍ ያደርጋል።

ማሰሮ ወይም ሣጥን ላይ ከሆነ ጥልቀቱ ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር፣ ከሥሩም ሰፊ ቀዳዳ ያለው ይሁን። ከታች ጠጠር መደልደል የቆየ ልማድ ነው፤ ግን አይጠቅምም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፣ ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ይታቆራል፣ ሥሩም የሚቀመጥበት ቦታ ያንሳል። ቀዳዳው ላይ አፈር እንዳይሾልክ ቁራጭ ወንፊት ማድረግ ይበቃል። አፈሩን ሁለት እጅ ብስባሽ ወይም የኮኮናት ቃጫ፣ አንድ እጅ ሸካራ አሸዋ አድርገው ያዘጋጁት። ብቻውን የገባ የጓሮ አፈር ማሰሮ ውስጥ እንደ ጡብ ይጠነክራል።

አተካከል

ደመናማ ቀን ወይም አመሻሹን ይምረጡ። ችግኙን ከሰዓታት በፊት ያጠጡት። ከማሰሮው ሲያወጡት ሥሩ ዙሪያውን የተጠመጠመ ከሆነ ከታች በጣትዎ ይፍቱት።

በችግኞቹ መካከል ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ይተዉ። መጀመሪያ ላይ ባዶ ቦታ የበዛ ይመስላል፤ አጠጋግቶ የተከለ ሰው ግን ከወር በኋላ ለቅጠል በሽታ መንገድ ጠርጓል። ከሁሉ በላይ የሚጠነቀቁት ጥልቀቱን ነው። ግንዱ ከሥሩ ጋር የሚገናኝበት አንገት ከአፈሩ ጋር እኩል ይሁን፤ አንገቱ የተቀበረ ፓንዚ ከዚያው ይበሰብሳል። ዙሪያውን በቀስታ ተጭነው ሥሩና አፈሩ እስኪገናኙ ያጠጡት።

ከዚያ የሚከብደው ነገር ይመጣል፦ ያሉትን አበቦች ሁሉ ይቅጠፉ። ተክሉ ለሁለት ሳምንት ያህል ጉልበቱን በሥሩ ላይ ያውላል። ይህን ማድረግ ካልቻሉ (ብዙዎች አይችሉም) ቢያንስ ያበቡትን ቀጥፈው እምቡጦቹን ይተዉ።

መጨረሻ ላይ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ጉዝጓዝ፣ ለምሳሌ ደረቅ ቅጠል ወይም የተከተፈ ጭድ፣ ያልብሱት። አፈሩን ቀዝቃዛ ያደርጋል፣ ዝናብ ሲመታ ጭቃ ወደ ቅጠሉ እንዳይረጭም ይከላከላል። አንገቱን እንዳይነካው ዙሪያውን ትንሽ ክፍት ይተዉ።

ውሃ

በሳምንት 25 ሚሊሜትር ያህል ውሃ ይበቃዋል፤ ይህ ማለት ለአንድ ካሬ ሜትር 25 ሊትር ነው፣ ዝናቡም ይቆጠራል። ቁጥሩ ግን መነሻ ብቻ ነው። ትክክለኛው መለኪያ ጣትዎ ነው፦ እስከ 3 ሴንቲሜትር አስገብተው ደረቅ ከሆነ ያጠጡ፣ እርጥብ ከሆነ ይተዉት። ማሰሮ ከመደብ ቶሎ ይደርቃል፤ ነፋስ በበዛበት ቀን ጠዋት ተነክቶ ማታም ሊነካ ይገባል።

ጠዋት ያጠጡ፣ ውሃውን ከቅጠሉ በታች አፈሩ ላይ ያፍስሱ። ማታ የረጠበ ቅጠል እርጥብ ሆኖ ያድራል፣ ፈንገስ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

ጠውልጎ ያዩትን ፓንዚ ሁሉ ውሃ አያጠጡ። መጀመሪያ አፈሩን ይንኩ። አፈሩ ደርቆ ከሆነ ውሃ ጠምቶት ነው፤ ባጠጡት በሰዓታት ውስጥ ይነሣል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ተክሉ ከጠወለገ ግን ሥሩ በስብሶ ውሃ መሳብ አቅቶታል ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ የሚጨመር ውሃ መቃብሩን ያፋጥናል። ሞቃት ቀትር ላይ ብቻ ዝለል ብሎ ማታ የሚያገግም ከሆነ ደግሞ ምንም አያስፈልገውም፣ ጥላ ካልሆነ በቀር።

ማዳበሪያ

ትንሽ፣ በየጊዜው። ብስባሽ ያልጎደለበት መደብ ላይ ያለ ፓንዚ ከተተከለ ሦስት ሳምንት እስኪሞላው ምንም አይፈልግም። ከዚያ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ በፈሳሽ የሚሰጥ ሚዛናዊ ማዳበሪያ፣ ፓኬቱ ከሚለው ግማሽ አድርገው ይስጡት። ናይትሮጅን ሲበዛ ቅጠሉ ለምለም፣ ለስላሳና ጥቁር አረንጓዴ ይሆናል፤ ሰው ሲያየው ደስ ይለዋል፣ ክሽክሽ የሚባለው ቅጠል የሚመጥ ጥቃቅን ተባይም እንዲሁ። አበባው ግን ይቀንሳል።

በብርድ ወራት የማዳበሪያው ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ዩሪያና አሞኒየም ያለበት ማዳበሪያ ለተክሉ ወደሚስማማው ናይትሬት የሚለወጠው በአፈር ባክቴሪያዎች ነው፣ ባክቴሪያዎቹ ደግሞ ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ሥራቸው ይዘገያል። አሞኒየሙ እየተጠራቀመ ሥሩን ይጎዳል። ስለዚህ አፈሩ ሲቀዘቅዝ ፓኬቱን አንብበው ናይትሮጅኑ በአብዛኛው በናይትሬት መልክ ያለበትን ይምረጡ፤ ካልሲየም ናይትሬት አንዱ ነው።

አበባ መቅጠፍ

የፓንዚን የአበባ ወቅት በሳምንታት የሚያራዝመው ይህ ሥራ ነው፣ ወጪም የለውም። ተክሉ የሚያብበው ዘር ለመያዝ ነው። ዘር ከያዘ በኋላ አዲስ አበባ የማውጣት ጉዳይ አያስቸኩለውም።

መጀመሪያ አሮጌ አበባንና እምቡጥን መለየት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚታዩት። እምቡጥ ሲነኩት ጠንከር ይላል፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ነው፣ ቀለሙም ከመካከል ሊወጣ ሲል ጠባብ ሆኖ ይታያል። አሮጌው አበባ ቅጠሎቹ ወደ ውስጥ ተጠቅልለው ረጠብ ይላሉ፣ በጣት ሲይዙት ይጨፈለቃል፤ ከበስተኋላው ደግሞ ትንሽ አረንጓዴ ፍሬ መወፈር ጀምሯል። የሚቀጠፈው እሱ ነው።

ጭንቅላቱን ብቻ ነቅለው አይተዉ፤ ፍሬው ከዘንጉ ላይ ከቀረ ምንም አልሠሩም። ጣትዎን በዘንጉ ላይ ወደ ታች አውርደው ከግንዱ ጋር እስከሚገናኝበት፣ ቅጠል እስካለበት ቦታ ድረስ ይሂዱ፣ እዚያ ላይ በጥፍርዎ ይቀንጥሱት። በየሦስት ወይም አራት ቀኑ አንድ ዙር ይበቃል። የዝናብ ማግሥት ግን ሳይዘገዩ ይውጡ፤ የረጠቡ አበቦች ላይ ግራጫ ሻጋታ ቶሎ ይነሣል፣ ከአበባው ወደ ቅጠሉ፣ ከቅጠሉ ወደ ግንዱ ይሻገራል።

ተክሉ ከተመዘዘና መካከሉ ባዶ ከሆነ በመቀስ ከመሬት ከ8 እስከ 10 ሴንቲሜትር አስቀርተው ይቁረጡት። ከአንጓዎቹ አዲስ ቅርንጫፍ ይወጣል። ይህ የሚሠራው ከፊቱ ቀዝቃዛ ሳምንታት ሲኖሩ ብቻ ነው፤ ሙቀቱ ሊገባ ሲል የተቆረጠ ፓንዚ ሳያገግም ይቀራል።

ተባይና በሽታ

ጧት ላይ ቅጠሉ ወይም አበባው ያልተስተካከለ ቀዳዳ ካለውና የሚያብለጨልጭ የልጋግ ዱካ ከታየ ቀንድ አውጣ ወይም ቅርፊት የሌለው ዘመዱ ነው። ከጨለመ በኋላ ባትሪ ይዘው ወጥተው መልቀም ከየትኛውም መድኃኒት ይሻላል። ችግኝ ከመሬቱ እኩል ተቆርጦ ወድቆ ከተገኘ ቆራጭ ትል ነው፤ እዚያው አጠገብ አፈሩን ጥቂት ቢጭሩ ተጠቅልሎ ያገኙታል። ክሽክሽ በአዳዲስ ጫፎችና በቅጠሉ ሥር ይሰፍራል፤ በጠንካራ የውሃ ፍንጣቂ ይጠቡት፣ ካልሄደ ለዕፅዋት የተዘጋጀ ሳሙና ይርጩበት። ሙቀትና ድርቀት ሲበረታ ቅጠሉ በነጫጭ ነጠብጣብ ከደበዘዘና ከሥሩ ስስ ድር ከታየ ቀይ ሸረሪት ገብቷል።

ከበሽታዎቹ አሳሳቢው የሥሩ ነው። ከዕድሜው ይልቅ ያነሰ፣ ቢጫ የሆነ፣ ሲነቅሉት ሥሩ ጠቁሮ የሚወጣ ተክል መድኃኒት የለውም። ከነአፈሩ አንሥተው ይጣሉት፣ ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ አይጨምሩት፣ በዚያ ቦታም ለሦስት ዓመት ፓንዚም ቪዮላም አይትከሉ። የተጠቀሙበትን ማሰሮ በሳሙናና በበረኪና ውሃ ይጠቡት።

የቅጠል በሽታዎች ቀለል ይላሉ። ክብ ሆነው መሐላቸው የገረጣ፣ ጠርዛቸው ሐምራዊ ወይም ቡናማ የሆነ ነጠብጣቦች ሲታዩ የተጎዳውን ቅጠል ይልቀሙ፣ ከላይ ማጠጣቱን ያቁሙ። ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰ የመሰለ ነገር ከወጣ ተክሎቹ ተፋፍገዋል ማለት ነው፤ በመካከል አንዳንዱን ነቅለው አየር ያስገቡ። ቅጠሉ በብርድ ወራት ወደ ሐምራዊ ቢያዘነብል ግን በሽታ ላይሆን ይችላል፤ ቅዝቃዜ ብቻውን ያንን ያደርጋል፣ አየሩ ሞቅ ሲል ይመለሳል።

ውርጭ ሲመጣ፣ ሙቀት ሲመለስ

ሥር የሰደደ ፓንዚ ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ ሲወርድ ቅጠሉ ግራጫ መስሎ ይተኛል፤ ፀሐይ ስትወጣ ይነሣል። በረዶ ሆኖ ሳለ አይንኩት፣ ይሰበራል። ውርጭ እንደሚመጣ ካወቁ ከሰዓት በፊት አፈሩን ያጠጡ፤ የረጠበ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል፣ ሥሩም ደረቅ ብርድ አይመታውም። ማሰሮ ውስጥ ያለ ሥር መደብ ላይ ካለው ይልቅ ለብርዱ ስለሚጋለጥ ማሰሮውን ወደ ግድግዳ ያስጠጉት።

በተቃራኒው ሙቀቱ ሲመለስ ጉዝጓዙን ያድሱ፣ ማሰሮዎቹን ከቀትር ፀሐይ ያርቁ፣ ማዳበሪያውን ያቁሙ። ይህ ሁለት ሦስት ሳምንት ይገዛል። ከዚያ በላይ መታገል አያዋጣም፤ ነቅለው ቦታውን ሙቀት ለሚወድ አበባ ይስጡት።

ለመብላትና ለዘር

የፓንዚ አበባ ይበላል፤ ሰላጣ ላይ ይበተናል፣ ኬክም ያስጌጥበታል። ይህ ግን ለመብል ታስቦ ከዘር ጀምሮ ያለ ጸረ ተባይ ለበቀለ ተክል ብቻ ነው። ከችግኝ ጣቢያ ለጌጥ የተገዛ ፓንዚ ምን እንደተረጨበት ስለማይታወቅ አይብሉት።

ዘር ለመያዝ ከፈለጉ ወቅቱ ሊያልቅ ሲል ከጥሩዎቹ ሁለት ሦስት ተክሎች ላይ መቅጠፉን ያቁሙ። ፍሬው መጀመሪያ እንደተደፋ ይቆያል፤ ሲበስል ዘንጉ ይቀናና ፍሬው ቀጥ ይላል፣ ቀለሙም ወደ ገረጣ ቢጫ ያደላል። የሚለቀመው ያኔ ነው። አንድ ቀን ቢዘገዩ በሦስት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል ትንሽ ታንኳ ይመስላል፣ በመካከሉ ቡናማ ዘሮች ተደርድረዋል። ታንኳው ሲደርቅ ጎንና ጎኑ እየተጣበቀ ዘሩን ይጨምቅና አንድ በአንድ ያስፈነጥረዋል፣ ርቀቱም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ቀጥ ያለውን ፍሬ ሳይከፈት ቀጥፈው በወረቀት ከረጢት ውስጥ አፉን አጥፈው ያስቀምጡት፤ እዚያው ውስጥ ሲፈነዳ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል።

ኤፍ 1 ከሚባል ድቅል ዘር የበቀለ ተክል የሚሰጠው ዘር እናቱን አይመስልም፤ ቀለሙ ይደባለቃል፣ አበባውም ሊያንስ ይችላል። ይህ የማያስጨንቅዎት ከሆነ ዘሩን አድርቀው፣ ቀኑን ጽፈው፣ በታሸገ ጠርሙስ ቀዝቃዛ ቦታ ያኑሩትና በቀጣዩ ወቅት ሙሉውን ይዝሩት።